ከጳጉሜ እስከ የካቲት፦ ከድሬ ሆናችሁ የኤን ኤፍ ኤል ቡድን እንዴት ትከታተላላችሁ

ድሬዳዋ ተቀምጦ የአሜሪካ ፉትቦል መከታተል ይቻላል? አቦ ይቻላል! ሰዓቱ ይከብዳል፤ ሕጉም መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። ግን አንድ ቡድን ይዞ ከጳጉሜ እስከ የካቲት አብሮ ለዘለቀ ሰው፣ የጥሎ ማለፉን ሰሞን ያህል ልብ የሚሰቅል ነገር እኔ አላውቅም።

እኔ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ የምሠራው ሌሊት ነው። ቡድኔ ፊላደልፊያ ኢግልስ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ከተማ ይኖራል፤ ያስያዘኝም እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ኳስ ለሚወድ፣ ፕሪምየር ሊግ ለማያመልጠው፣ ነገር ግን ሄልሜት ያጠለቁትን ሰዎች ሲያይ ቻናል ለሚቀይር የድሬ ልጅ ነው። ማሳያዬ የኢግልስ የ2024 የውድድር ዘመን ይሆናል። ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ ወሩን ግን በእኛ እላለሁ፤ ለመያዝ ይቀላል።

መጀመሪያ አንድ ቡድን ያዙ

ኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊጉ፣ 32 ቡድኖች አሉት። ሁሉንም ለማየት የሚነሳ ሰው ጥቅምት ላይ ይሰለቻል። አንድ ቡድን ብቻ ያዙ፤ ሌሎቹን በእሱ በኩል ታውቋቸዋላችሁ።

ምርጫው ከባድ አይደለም። ድሬ ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ማን አለ? ዘመዳችሁ ሚኒያፖሊስ ካለ ቫይኪንግስን፣ ዋሽንግተን ካለ ኮማንደርስን፣ ዳላስ ካለ ካውቦይስን፣ ሲያትል ካለ ሲሃውክስን ያዙ። ይህን የምለው ለዘመድ ፍቅር ብቻ አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ የምትደውሉለት ሰው ያስፈልጋችኋል። ዳኛው ለምን ቢጫ ጨርቅ እንደወረወረ፣ አሰልጣኙ ለምን ኳሱን መትቶ እንዳስረከበ የሚያስረዳችሁ ሰው ካለ፣ በአንድ ወር የምትማሩትን ብቻችሁን በዓመትም አትማሩትም።

ቡድናችሁ አሁን ደካማ ቢሆንም አትፍሩ። እዚህ ሊግ ወራጅ ቀጣና የለም። መጨረሻ የወጣው ቡድን ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን አዳዲስ ተጫዋቾች ለመምረጥ ቅድሚያ ያገኛል። ለደመወዝ የሚወጣው ገንዘብም ለሁሉም እኩል ጣሪያ አለው፤ ሀብታም ቡድን እንደ አውሮፓው ሁሉን ጠራርጎ መግዛት አይችልም። ስለዚህ የወደቀ ቡድን ቶሎ ይነሳል።

ኢግልስን ተመልከቱ። በ2023 ከመጀመሪያዎቹ 11 ጨዋታዎች 10ሩን አሸንፎ ነበር። ከዚያ ከመጨረሻዎቹ 6 ጨዋታዎች 5ቱን ተሸነፈ፤ በጥሎ ማለፉም የመጀመሪያ ዙር በታምፓ ቤይ 32 ለ 9 ተቀጥቶ ወጣ። አሰልጣኙ ኒክ ሲሪያኒ ይባረር የሚለው ብዙ ነበር። አላባረሩትም። የመከላከሉን ሥራ ለቪክ ፋንጂዮ ሰጡ፤ ሯጩን ሴኮን ባርክሊን ከኒውዮርክ ጃይንትስ አመጡ፤ ኩዊኒየን ሚቸልና ኩፐር ዲጂን የሚባሉ ሁለት ወጣት ተከላካዮች መረጡ። በዓመቱ የሆነውን ታያላችሁ።

ሕጉን በአንድ ምሽት

ከሕጉ ለጊዜው የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። በየወገኑ 11 ተጫዋች ይገባል። ኳሱን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ 4 ሙከራ አለው። 10 ያርድ ከ9 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከተሳካለት እንደገና 4 ሙከራ ያገኛል። 3 ሞክሮ ካልሆነለት ብዙ ጊዜ አራተኛውን አይሞክርም፤ ኳሱን በእግር አርቆ መትቶ ለተቃራኒ ያስረክባል፤ ወይም ቅርብ ከሆነ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል መትቶ 3 ነጥብ ይወስዳል። ኳሱን ይዞ መጨረሻው ክልል መግባት ታችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ። ከታችዳውን በኋላ በእግር መትቶ 1 ነጥብ መጨመር፣ ወይም አንዴ ሮጦ አለዚያም ወርውሮ 2 መጨመር ይቻላል። ጨዋታው 15፣ 15 ደቂቃ የሆኑ 4 ክፍሎች አሉት። ሌላውን እያያችሁ ትለምዱታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ኳሱን ብቻ አትከተሉ። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ከኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን ከሚወረውረው ሰው፣ ፊት የሚሰለፉትን አምስት ግዙፍ ሰዎች እዩ። ስማቸውን ማንም አይጠራም፤ ግብም አያስቆጥሩም። ጨዋታውን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። አምስቱ ከቆሙ ኳርተርባኩ አይቶ ለመወርወር ጊዜ ያገኛል፤ ሯጩም መንገድ ይከፈትለታል። ከተገፉ ግን የፈለገ ኮከብ ቢኖር ዋጋ የለውም።

ከኢግልስ አምስቱ አንዱ ጆርደን ማይላታ ነው። አውስትራሊያዊ ነው፤ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል። ያደገው ራግቢ ሲጫወት ነው። ኢግልስ በ2018 ሲመርጡት በሕይወቱ አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። ሕጉን ከዜሮ ተምሮ ዛሬ ከሊጉ ምርጦች አንዱ ሆኗል። እኔ ጨዋታውን መረዳት የጀመርኩት እሱን ነጥዬ ማየት ስጀምር ነው። አንድ ሙሉ ክፍል ዓይናችሁን ከእሱ ሳትነቅሉ እዩ። በግራ በኩል ይቆማል፤ እግሩን እንደ ዳንሰኛ ቶሎ ቶሎ እየቀያየረ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ እጁን ይዘረጋል፤ የሚመጣበትን ሰው ደረቱ ላይ ይይዘዋል። ከዚያ ከጀርባው ያለው ኳርተርባክ ጃለን ኸርትስ ኳሱን በሰላም ሲወረውር ታያላችሁ። ያኔ ጨዋታው ይገባችኋል።

ሰዓቱን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። አብዛኛው ጨዋታ እሁድ ነው። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚጀምረው የመጀመሪያው ዙር፣ ለእኛ እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሁለተኛው ዙር ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፎ ይጀምራል። የእሁድ ማታው ትልቅ ጨዋታ ደግሞ ለእኛ ሰኞ ከሌሊቱ 9፡20 ነው። የሰኞና የሐሙስ ማታዎቹም እንዲሁ በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ይሆናሉ።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ ተጠንቀቁ። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ለእኛ አንድ ሰዓት ይዘገያል፤ የ2 ሰዓቱ 3 ይሆናል፤ የ9፡20ው 10፡20 ይሆናል።

ለእንቅልፋችሁ እዘኑለት። ሁሉንም በቀጥታ ማየት አያስፈልግም። የምሽቱን 2 ሰዓት በቀጥታ እዩ፤ የሌሊቱን በማግስቱ እዩት። ሌሊት የመንቃት ዕዳችሁን ለጥር አስቀምጡት። እኔ ሥራዬ ሌሊት ስለሆነ ይመቸኛል። ሊጡ ተቦክቶ ኩፍ እስኪል ድረስ ያለው ጊዜ የእኔ ነው። ስልኬን በላስቲክ ጠቅልዬ የፉርኖ ዱቄቱ ጆንያ ላይ አስደግፈዋለሁ፤ ዱቄት ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ስልኩ አለቀለት።

ከጓደኛ ጋር ለማየት የሚሻለው የለንደኑ ጨዋታ ነው። ኤን ኤፍ ኤል በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት አንዳንድ ጨዋታ ለንደን ይወስዳል፤ የቶተንሃም ስታዲየም ላይ ሁሉ ይጫወታሉ። ብዙውን ጊዜ ለእኛ እሁድ ከቀኑ 10፡30 ላይ ይጀምራል። በርጫ ላይ ያለውም፣ ሻይ ላይ ያለውም የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። ፕሪምየር ሊግ የሚያይ ጓደኛችሁን የሚያውቀውን ስታዲየም አሳዩት፤ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል።

ኔትወርክና ካርድ

ሁሉንም ጨዋታ የሚያሳየው ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ሰዎች ዳዝን በሚባለው የኢንተርኔት ስፖርት ማሳያ በኩል የሚሸጠው ጌም ፓስ ነው። የሚከፈለው በውጭ ካርድ ስለሆነ እኔን የአክስቴ ልጅ ይከፍልልኛል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲሄድ የሐረር ቡና አስይዛለሁ። ይህ ከሌላችሁ የኤን ኤፍ ኤል የራሱ ዩቲዩብ ቻናል የእያንዳንዱን ጨዋታ ዋና ዋና ክፍል በነጻ ይጭናል። ለመጀመሪያው ዓመት እሱ ይበቃል።

አንድ ጨዋታ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኳሱ በእንቅስቃሴ ላይ የሚሆነው ግን ተደምሮ 11 ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው፤ ሌላው መሰለፍ፣ መመካከርና ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ጌም ፓስ ላይ ያለው ወደ 40 ደቂቃ ያጠረው ቅጂ ምንም አያሳጣችሁም። ዳታም ይቆጥባል። ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙት፤ መብራት ሲጠፋም አያስጨንቃችሁም።

ውጤት ሳይነገራችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ቴሌግራም አትክፈቱ። የዩቲዩብ ርዕስና ፎቶም ውጤቱን ያወጣዋል፤ በቀጥታ የቡድናችሁን ስም ፈልጋችሁ ግቡ።

ወቅቱን በትዕግስት ተከተሉ

መደበኛው ውድድር 18 ሳምንት ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን 17 ጨዋታ ያደርጋል፤ አንድ ሳምንት ያርፋል። 32ቱ ቡድኖች በሁለት ኮንፈረንስ ተከፍለዋል። በየኮንፈረንሱ 4 ምድብ አለ፤ በየምድቡ 4 ቡድን። የምድብ ተቀናቃኞቻችሁን በደንብ እወቋቸው፤ በዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ ትገጥሟቸዋላችሁ። የኢግልስ ምድብ ውስጥ ካውቦይስ፣ ጃይንትስና ኮማንደርስ አሉ። ሰንጠረዥ ስታዩ መጀመሪያ ምድባችሁን፣ ቀጥሎ ኮንፈረንሳችሁን እዩ።

በመስከረም ቡድናችሁን አትፍረዱበት። ኢግልስ በ2024 የጀመረው ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ላይ ግሪን ቤይ ፓከርስን 34 ለ 29 አሸንፎ ነው። ለእኛ የጳጉሜ ሌሊት ነበር። ግን ከአራት ጨዋታ በኋላ 2 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ነበር፤ አራተኛውን እንደገና ያው ታምፓ ቤይ 33 ለ 16 ረታው። የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ዘንድሮም አለቀልን» አለኝ። ከዚያ የዕረፍት ሳምንቱ መጣ። ከዕረፍት ሲመለሱ ሌላ ቡድን ሆኑ፤ 10 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ።

የዕረፍቱን ሳምንት ስለዚህ በቀላሉ አትለፉት። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን አንድ አንድ ጨዋታ አስተያይታችሁ እዩ፤ አሰልጣኙ ምን እንደቀየረ ይታያችኋል። ኢግልስ ከዕረፍት በኋላ ኳሱን አብዝተው ለባርክሊ መስጠት ጀመሩ። የፋንጂዮ ተከላካዮችም ተግባቡ። ባርክሊ በጥቅምት መጨረሻ ከጃክሰንቪል ቡድን ጋር ሲጫወቱ አንዱን ተከላካይ ጀርባውን ሰጥቶ ከላዩ ዘለለው። ዞሮ ሳያየው፣ ወደ ኋላ! ሌላ ምንም ባታዩ ይህንን ፈልጋችሁ እዩ።

ኢግልስ 14 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ጨረሰ። ባርክሊ 2,005 ያርድ ሮጠ። ኤሪክ ዲከርሰን በ1984 ያስመዘገበው የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን 2,105 ነው፤ ለመስበር 101 ያርድ ቀረው፤ አንድ ጨዋታም ነበረ። ሲሪያኒ ግን አሳረፈው። የቡድኑ ደረጃ ተቆርጦ ነበር፤ ያ ጨዋታ ምንም አይቀይርም። ብዙ ሰው ተናደደ። እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። ጥር እየመጣ ሯጭህን ለወረቀት ክብር አትሰብረውም።

ጥር፦ አንድ ሌሊት፣ አንድ ዕድል

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ 7 ቡድን ያልፋል፤ 4ቱ የምድብ አሸናፊዎች፣ 3ቱ ከቀሩት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው። ደረጃ ይወጣላቸዋል። 1ኛው የመጀመሪያውን ዙር ዐርፎ ያልፋል። 2ኛው ከ7ኛው፣ 3ኛው ከ6ኛው፣ 4ኛው ከ5ኛው ይገናኛሉ። ደረጃው ከፍ ያለው በሜዳው ይጫወታል። እንደ ቻምፒየንስ ሊግ የመልስ ጨዋታ የለም። አንድ ጊዜ ነው፤ ከተሸነፍክ ወደ ቤትህ።

በየዙሩ ከቀሩት መካከል የላይኛው ከታችኛው ጋር ነው የሚመደበው። ስለዚህ የሌላውንም ጨዋታ ተከታተሉ። ያን ዓመት በኢግልስ ኮንፈረንስ 1ኛ የነበረው ዲትሮይት ላየንስ ነበር፤ 17 ተጫውቶ 15 አሸንፏል። ኢግልስ ለዋንጫው ለማለፍ ዲትሮይት መሄዱ አይቀርም ተብሎ ነበር። ኮማንደርስ ላየንስን በሜዳው 45 ለ 31 አሰናበተውና ጨዋታው ወደ ፊላደልፊያ ዞረ።

ቀኖቹን በእኛ በዓላት ያዙ። ገና ሲያልፍ የመጀመሪያው ዙር ይጀምራል። ሁለተኛው ጥምቀት አካባቢ ነው። ከዚያ በሳምንቱ የኮንፈረንስ ፍጻሜ፤ አንድ ባዶ ሳምንት፤ ከዚያ የሁለቱ ኮንፈረንስ አሸናፊዎች የሚገናኙበት የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦል፣ በየካቲት መጀመሪያ።

ኢግልስ የመጀመሪያውን ዙር ፓከርስን 22 ለ 10 አሸንፎ አለፈ። ሁለተኛው ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር ነበር። ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ከተማው ከታቦቱ ጋር ውሎ ደክሞ ተኝቷል። እኛ ዳቦ ቤት ውስጥ ምድጃው እየነደደ ነው። ስልኬ ላይ ፊላደልፊያ በረዶ ይወርድባታል። እየቆየ መስመሮቹ ሁሉ ጠፉ፤ ሜዳው ነጭ ሆነ። ጥር ላይ እንዲህ ዓይነት አየር ሲመጣ ኳስ መወርወር ይከብዳል፤ ሯጭ ያለው ቡድን ይጠቀማል። ባርክሊ በመጀመሪያው አጋማሽ 62 ያርድ ሮጦ አስቆጥሮ ነበር። አራተኛው ክፍል ላይ እንደገና ኳሱን ተቀበለ። አምስቱ ሰዎች በመሐል አንድ ጠባብ በር ከፈቱለት። አንድ እርምጃ ወደ ጎን፤ ከዚያ በቃ። 78 ያርድ፣ በዚያ በረዶ ላይ ሳይንሸራተት። ጮኬ ነበር፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ትሪ ወደቀብህ እንዴ ብሎ ሮጦ መጣ።

አላለቀም። ራምስ በመጨረሻው ሰዓት ተጠግተው መጡ፤ አንድ ታችዳውን ቢያገቡና 1 ነጥቧን ቢጨምሩ ይመራሉ። የኢግልሱ ተከላካይ ጃለን ካርተር በመሐል ሰብሮ ገብቶ ኳርተርባኩን ማቲው ስታፎርድን ጣለው። በቀጣዩ ሙከራም ደረሰበት፤ ኳሱ ባዶ መሬት ላይ ወደቀ። 28 ለ 22። የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ለእኔ ከፍጻሜው ይልቅ ይሄ ነው። አንድ ሙሉ ጨዋታ ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ ይህን እዩ።

በሳምንቱ፣ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ፣ ኮማንደርስን 55 ለ 23 አደረጉት።

የሱፐር ቦል ሌሊት

የሱፐር ቦል ሰዓት ለእኛ ሰኞ ከሌሊቱ 8፡30 ነው። ሜዳው ከዓመታት በፊት የተመረጠ ነው፤ ያን ጊዜ ኒው ኦርሊንስ ነበር። እሁድ ከሰዓት ተኙ። እራት ቀለል ያለ ብሉ። ስልክና ፓወር ባንክ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ዕረፍቱ በኮንሰርቱ ምክንያት ከወትሮው በጣም ይረዝማል፤ ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ለዚያ ያቆይ። እኔ የመጀመሪያውን ዙር ዳቦ ምድጃ ያስገባሁት ያኔ ነው። የሚያልቀው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከእናንተ መካከል ሰኞ ቢሮ የሚገባ ካለ ቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ።

ተጋጣሚው ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ነበር፤ ሁለት ተከታታይ ዓመት ዋንጫ የወሰደ፣ ሦስተኛውን የሚፈልግ፣ ኳርተርባኩን ፓትሪክ ማሆምስን የያዘ ቡድን። ሁሉም ሰው ባርክሊን ይጠብቅ ነበር። ጨዋታውን የጨረሱት ተከላካዮቹ ናቸው። ማሆምስን 6 ጊዜ ጣሉት። ኩፐር ዲጂን 22 ዓመት በሞላበት በዚያው ቀን የማሆምስን ኳስ ቀምቶ ሮጦ አስቆጠረ። ዕረፍት ሲወጡ 24 ለ 0 ነበር። ሲያልቅ 40 ለ 22። ኸርትስ የጨዋታው ምርጥ ተባለ። ባርክሊም የዚያን ዕለት 28 ዓመቱን ሞላ፤ ጥሎ ማለፉ ተጨምሮ የዓመቱ ሩጫው 2,504 ያርድ ደረሰ፤ በአንድ ዓመት ያን ያህል የሮጠ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ቡድናችሁ ቀድሞ ቢወድቅም ሱፐር ቦልን አትዝለሉ። የዓመቱን ሁለት ምርጥ ቡድን ጎን ለጎን ስታዩ የራሳችሁ ቡድን ምን እንደሚጎድለው ይታያችኋል።

ከየካቲት በኋላ ሊጉ ያርፋል እንጂ አይተኛም። በመጋቢት ተጫዋቾች ቡድን ይቀይራሉ። በሚያዝያ የአዳዲሶቹ ምርጫ ይካሄዳል። በግንቦት የዓመቱ መርሐ ግብር ይወጣል። ያኔ ወረቀት አምጡና የቡድናችሁን 17 ጨዋታዎች በእኛ ቀንና ሰዓት እየቀየራችሁ ጻፉ። በምሽት የሚውሉትን አስምሩባቸው፤ የምድብ ጨዋታዎቹን በሌላ ቀለም አድርጉ። በነሐሴ የሚደረጉትን የዝግጅት ጨዋታዎች ተዉአቸው፤ ዋናዎቹ ተጫዋቾች እምብዛም አይገቡም። ወረቀቱን ስልክ ቻርጅ የምታደርጉበት ግድግዳ ላይ ለጥፉትና ጳጉሜን ጠብቁ።